ትንሽ የምትለዋ ቃል

«አንዱን ዐይንሽን ጨፍኚ አልኩ እንጂ ሁለቱንም መቼ አልኩ?» አሉ የባዮሎጂ መምህሩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

አራሚም እየሳቀች ቀኝ ዐይኗን ገለጠችና ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ የታያት የራሷ ሽፋሽፍት ነበር። መምህሩ መዘውሩን ቀስ ብለው ሲያዞሩላት ግን የሽንኩርቱ ልጣጭ ጥርት ብሎ መጣ፤ ሕዋሳቱ እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ቀጥለው መስታወቱን ቀየሩና ከአንድ ተማሪ ጉንጭ ውስጥ የተፋቀውን አስቀመጡላት።

«ይሄኛው ያንሳል» አለች።

«አዎ፣ ሕዋስ ትልቅም ትንሽም አለው።»

አራሚ ይህቺን ነበር የምትጠብቀው። የምታውቀውን ነገር ሰው ሳይሰማላት ማለፍ የማይሆንላት ልጅ ናት። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማላት፣ «ቲቸር፣ ‹ትንሽ ሕዋስ› የሚባል የሳንባ ካንሰር አለ አይደል? ገና ትንሽ እያለ የተገኘ ማለት ነው አይደል?» አለች።

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

«አይደለም» አሉ። «ትንሽ የተባለው ሕዋሱ ነው እንጂ ካንሰሩ አይደለም። በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋቸው ከሌሎቹ የካንሰር ሕዋሳት ያነሱ ስለሆኑ ነው ስሙ የወጣው። ስሙ አያሳስትሽ። ከሳንባ ካንሰሮች ሁሉ የሚቸኩለው እሱ ነው። በሳምንታት ውስጥ ይጨምራል፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ለመዛመትም ጊዜ አይፈጅበትም።»

«መድኃኒት የለውም?» ድምጿ እንዳጀማመሩ አልነበረም።

«አለው እንጂ። ቶሎ ከተጀመረለት መድኃኒቱን በደንብ ይሰማል። ቶሎ ከተጀመረ ነው ታዲያ።» መምህሩ ጠጋ አሏት። «ማን ታሞ ነው?»

«ማንም። እንዲሁ አንብቤ ነው።»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው ልጅ በትከሻው ገፋ አድርጓት ቦታዋን ያዘ። አራሚ ወንበሯ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እጆቿን ከጭኗ በታች አስገብታ ተቀመጠችባቸው። ደወል እስኪደወል መምህሩ ምን እንዳሉ አንዱንም አልሰማችም።

እውነተኛ ስሟን የሚጠራው የስም መቆጣጠሪያው ብቻ ነው። አራሚ ያላት አባቷ ነው። አባቷ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሠሪ ነው፤ የሱቅ በር፣ የመኪና ጎን፣ የትምህርት ቤት አጥር፣ ብቻ ቀለም የሚይዝ ነገር ከሆነ ይጽፍበታል። የእንግሊዝኛውን ፊደል ከመጽሐፍ ላይ የተነቀለ አስመስሎ ያስቀምጠዋል። የጻፈውን እንግሊዝኛ ግን ማንበብ አይችልም። እሷ ስምንት ዓመት ሲሞላት አንድ ልብስ ቤት በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ፊደል ጎድሏል» አለችው። እንዳለችውም ጎድሎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መሰላሉን ሳያወርድ በፊት እሷ ሳታየው የሚያልፍ ጽሑፍ የለም።

«ምንም ስሕተት ብታገኚ ገና እርጥብ እያለ ንገሪኝ» ይላታል ሁልጊዜ። ቀለሙ ሳይደርቅ ከሆነ ጨርቅ በጋዝ ነክሮ አንዴ ቢያብሰው ይለቃል። ከደረቀ በኋላ ግን በምላጭ መፋቅ ነው፤ የተፋቀው ቦታ ደግሞ መቼም ቢሆን እንደ ድሮው አይሆንም።

ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ያን የምርመራ ውጤት ወረቀት ለእሷ መስጠቱ ምንም አያስገርምም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት አንዲት የሆስፒታሉ ሐኪም ቀጭን ቱቦ ወደ አባቷ ሳንባ አስገብታ ለምርመራ ቅንጣት ሥጋ ወስዳለት ነበር። ወራት የዘለቀው ሳል «የቀለም ሽታ ነው» እየተባለ ቆይቶ ቆይቶ፣ እናቷ እጁን ይዛ ባትወስደው ኖሮ እሱስ መቼ ይሄድ ነበር። የውጤት መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን አወጣችና «ሰኞ ሐኪሟ ጋ ይዛችሁ ግቡ» ብላ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች።

አባቷ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «አንብቢልኝ እስቲ፣ አራሚዬ» አለ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አሥራ አንድ መስመር ነበር። አንዳንዱን ታውቀዋለች፣ ብዙውን አታውቀውም። የማታውቀውን እየዘለለች ወደ ታች ወረደች። መጨረሻው ላይ ‹ትንሽ› የሚለውን አገኘች፤ ቀጥሎ ‹ሕዋስ›፤ ቀጥሎ ደግሞ ካንሰር ማለት መሆኑ የማይጠፋት ረጅም ቃል።

«ካንሰር ነው፣ አባዬ» አለች። ጉልበቱ ላይ ያለው የአባቷ እጅ ሲጨብጥ አየች። ወዲያው «ግን ትንሽ ነው። ትንሽ ነው የሚለው» ብላ ጨመረች።

የአባቷ ፊት ላይ ደም ሲመለስ አየች። ያንን ፊት ካየች በኋላ የማታውቃቸው ቃላት ሠላሳ ቢሆኑም ትንፍሽ አትልም ነበር። «ትንሽ ነው?» አለ። «ትንሽ ነው» አለች። በቃ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ አባቷ ሆስፒታል ደውሎ የሰኞውን ቀጠሮ ወደሚመጣው ወር አዞረው። የሕፃናት መዋያ አጥር ላይ አርባ እንስሳት ከነስማቸው ለመሣል ቃል ገብቷል። መዋያው የሚከፈተው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። «ትንሽ ነው ተብያለሁ፤ አርባውን እንስሳት ስጨርስ እመጣለሁ» ሲል በጆሮዋ ሰማችው። ቀጠሮ ያዧ የምን እንስሳት እንደሆኑ አልገባትም፣ ግን ቀኑን ቀየረችለት።

እናቷ ደግሞ ከዚህም ባሰች። ዳቦ ቤት ሻጭ ስለሆነች የሰማችውን ነገር ቢያንስ ለሃምሳ ሰው ሳታካፍል አይመሽም። «ትንሽዬ ናት አሉ» ትላለች፣ ስለ ድመት ግልገል የምታወራ ይመስል። ቤት ውስጥ በሽታው ‹እሷ› ሆነ። «እሷን ሰሞኑን እናባርራታለን።» «እሷ ምን ታመጣለች?» አራሚም በዚህ ቤት ውስጥ ፈገግታ ያመጣችው ራሷ ስለሆነች ሁለት ቀን ሙሉ ደረቷን ነፍታ ከረመች።

ሐሙስ፣ ከማይክሮስኮፑ ትምህርት በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ ግን በዝግታ ነበር የምትራመደው። ሰው ሁሉ በአጠገቧ ያልፋል፣ እሷ ደግሞ አራት ሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ትቆጥራለች። ሃያ ስምንት። በሳምንታት ውስጥ ይጨምራል ብለዋል መምህሩ። ቤታቸው በር ላይ ስትደርስ የእናቷን እንጉርጉሮ ሰማች። እናቷ ካንጎራጎረች ስንት ወሯ ነው?

«መጣሽ?» አለች እናቷ። «ነይ እስቲ ቅመሺ፣ ጨው በዝቶበታል?»

አራሚ ማንኪያውን ተቀበለች። አሁን ልንገራት፣ አሁን፣ አለች በሆዷ። አፏን ከፈተች። «ልክ ነው» አለች፤ ስለ ጨው።

ማታ ራት ሲቀርብ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው። አባቷ ከጓዳ ወጥቶ ሳቀላት። ሲስቅ አሳለው። ድሮ ሳሉ ሦስት ጊዜ ሆኖ ያበቃ ነበር። አሁን ሰባት ቆጠረች።

አርብ በምሳ ሰዓት ለሬዲዮ ነገረቻት። ሬዲዮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትማር ጓደኛዋ ናት፤ ስሟ የወጣው አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው። ይህን ስትሰማ ግን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም አለች።

«አባትሽ?» አለች በመጨረሻ።

«አባቴ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ንገሪዋ።»

«ምን ብዬ? ‹ያነበብኩልህ ውሸት ነው፣ የማላውቀውን ዘልዬዋለሁ› ልበለው? እናቴ ለዳቦ ቤቱ ሁሉ ነግራለች እኮ።»

ሬዲዮ የእጇን ጥፍር እየበላች አሰበች። «ላሽ በይዋ በቃ። ራስሽን ምን ታስገቢያለሽ? ከሆስፒታል ተደወለ በይ። ‹ሰኞ እንዳይቀሩ ብለዋል።› እሱ ይሄዳል፣ ሐኪሟ ትነግረዋለች፣ አንቺ የለሽበትም። ማን ያጣራል?»

«ሼም አይደለም?»

«ሼሙ አንቺ ጋ ብቻ ነው የሚቀረው። አባትሽ ይታከማል። ይነፋል አይደል?»

ነገሩ ያማልላል። አባቷ ሰኞ ሐኪሟ ፊት ከቀረበ፣ እንዴት ቀረበ ብሎ ማን ይጠይቃል? አራሚ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዐረፍተ ነገሩን በአእምሮዋ ስትለማመድ ዋለች። ማታ ራት ላይ፣ ዐይኗን ከሰሐኑ ሳታነሣ፣ «አባዬ፣ ከሆስፒታል ተደውሎ ነበር። ሰኞ ና ብለውሃል» አለች።

«በማን ስልክ?»

«በ... በእኔ።»

«የአንቺን ቁጥር ከየት አገኙት?» አለ አባቷ እየሳቀ። «እንጃላቸው። ቀጠሮ ያዧ ሳትሰርዘው ቀርታ ይሆናል። ግድ የለም፣ ትንሽ መሆኑን ነግሬአታለሁ።»

«ትንሽ ብትሆንም ሄደህ ብትታይ...»

«አራሚዬ፣ አንቺ ራስሽ አይደለሽ ያነበብሽው? ትንሽ ነገር ወር ቢቆይ ምን ይሆናል?»

እናቷም «እሷ የትም አትሄድ» አለች፣ ዳቦ እየቆረሰች።

ትንሽ የምትለዋ ቃል እዚያ እስካለች ድረስ ከጎኗ ምን ቢጻፍ ማንም አያነበውም። አሁን ደግሞ አራሚ ስሕተቷ ላይ ውሸት ደርባበታለች። ራሴን አሞኛል ብላ ተነሣችና ክፍሏ ገባች። ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ለአባቷም ለራሷም አለቀሰች፣ የትኛው እንደሚበዛ አታውቅም።

ቅዳሜ ጧት እንደ ወትሮዋ ለእርማት ወደ መዋያው ሄደች። አጥሩ ረጅም ነው። ከበሩ ጀምሮ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ አዞ፣ ጥንቸል እያለ ይሄዳል፤ የእያንዳንዱ ስም በሁለት ቋንቋ ከበታቹ ተጽፏል። አባቷ እንጨት መወጣጫው ላይ ተቀምጦ የጉማሬውን ሆድ በግራጫ እየሞላ ነበር። እርሳሱ እንደ ሁልጊዜው ጆሮው ላይ ተሰክቷል።

«መጣሽ? የአዞውን እዪልኝ፣ ጠርጥሬዋለሁ።»

አየችው። «ልክ ነው» አለች።

«ቀጭኔስ?»

«እሱም ልክ ነው።»

«ዛሬ ምን ሆነሻል፣ አንድም አላገኘሽብኝም» አለና ሳቀ፤ ሳሉ ጀመረው። ብሩሹን አስቀመጠ። በአንድ እጁ መወጣጫውን ይዞ፣ በሌላው ጨርቁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ደጋግሞ ሳለ። ሲያበቃ ጨርቁን ሊያጣጥፈው ሲል አራሚ ቀይ ነገር አየችበት። ቀለም መሰላት። ግን ጉማሬው ላይ ቀይ የለም።

አራሚ አጥሩን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ውረድ።»

«ይቺን ልጨርስና...»

«ውረድ አልኩህ።»

እንዲህ ብላ ተናግራው አታውቅም። አባቷ ቀስ ብሎ ወረደ። አጠገቧ ቁጢጥ አለና ፊቷን ለማየት ሞከረ።

«ወረቀቱን በደንብ አላነበብኩትም» አለች። ቃሎቹ ተደራርበው ወጡ። «የማላውቃቸው ነበሩ። ዘለልኳቸው። ትንሽ የሚለው ካንሰሩን አይደለም፣ ሕዋሶቹን ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ትንንሽ ስለሆኑ ነው። በሽታው ግን ፈጣን ነው፣ አባዬ፣ ከሁሉም ፈጣኑ ነው። ወር አይጠብቅም። ትናንት ደወሉ ያልኩህም ውሸቴን ነው። ማንም አልደወለም።»

በአጥሩ ማዶ አንድ መኪና ሲያልፍ፣ ከዚያም ሌላ መኪና ሲያልፍ ሰማች። ቀና ብላ ስታየው ዐይኑ ጉማሬው ላይ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል። አባቷ ሲፈራ አይታ አታውቅም፤ አሁን አየችው፣ ያ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አስፈራት።

«ማን ነገረሽ?» አለ።

«የባዮሎጂ መምህራችን።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

በጣቱ ቆጠረ። «ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ» አለ። ረጅም ትንፋሽ ሳበና ቀለም የነካ እጁን ራሷ ላይ አደረገ። «ገና እርጥብ ነው እንግዲህ።»

አራሚ ይህን ስትሰማ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አባቷም እስኪወጣላት ድረስ እጁን ከራሷ አላነሣም። ቀጥሎ ወደ ብሩሾቹ ጣሳ ተንጠራራና ከሥሩ የተጨማደደ የሲጋራ ፓኮ አወጣ። «ትቻለሁ ያልኳችሁ ዓምና ነው፤ አየሽ፣ እኔም የምታርሚልኝ አለኝ» አለ። ፓኮውን እሷ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። ውስጡ አራት ቀርቶ ነበር።

እቤት ሲነግሯት እናቷ የያዘችውን ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም፣ አራሚንም አልተቆጣቻትም። «እሱ እስከ ሰኞ ይጠብቃል?» ብቻ አለች። በሽታውን በ‹እሷ› ፋንታ ‹እሱ› ስትል ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰኞ ጧት ሦስቱም ሄዱ። ቀጠሮ ያዧ መዝገቧን አገላብጣ «እርስዎ እኮ ለሚመጣው ወር ነው የተዛወሩት፤ የዛሬው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» አለች። አራሚ ወረቀቱን ዘርግታ በመስኮቱ አስገባችላት። «እባክሽ ይህን ለሐኪሟ አሳዪልን። እኔ ነኝ አሳስቼው ያዘገየሁት» አለች። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። እሷ ግን ከመስኮቱ ፈቀቅ አላለችም። ቀጠሮ ያዧ ወረቀቱን አነበበች፤ አንድ ጊዜ አባቷን አየችውና ተነሥታ ገባች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተጠሩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የምትናገረው ቀስ ብላ ነው። ወረቀቱን ካነበበች በኋላ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ይሄ ዓይነት ካንሰር ቶሎ ይባዛል» አለች። «ብዙ ጊዜ ስናገኘው በዐይን የማይታይ ፍንጣሪ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቆርጠን በማውጣት ብቻ አንተማመንም። ዋናው መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ ይወስዳሉ፣ ከዚያ ሰውነትዎ ያርፋል፣ በየሦስት ሳምንቱ እንደገና። አራት ዙር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።»

«መድኃኒቱን ይሰማል?» አለች እናቷ።

«እንደ አረም አስቡት። ቶሎ የሚበቅል ነው፤ መድኃኒቱ የሚመታው ደግሞ በመባዛት ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ በደንብ ይመታዋል። ተመልሶ የመምጣት ጠባይ ግን አለው፤ ይህን ደብቄ አልነግራችሁም።»

አባቷ አረም የሚለውን ሲሰማ ወደ አራሚ ዞር አለ፤ ቀልድ ሊወረውር ፈልጎ አፉ ላይ ቀረበት።

ሐኪሟ ቀጠለች። ፀጉሩ ይረግፋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል። ትኩሳት ከተሰማው ግን ‹ነገ አያለሁ› የለም፣ በዚያው ሰዓት መምጣት ነው፤ መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከለውን የሰውነት አቅም ስለሚቀንስ። ሲጋራ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ደረቱ፣ ሆዱና ጭንቅላቱ በምስል ይታያል።

«የተገኘው በአንድ ወገን ደረት ብቻ ከሆነ ከመድኃኒቱ ጋር የጨረር ሕክምና እንጨምራለን፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ነው የምንሞክረው። ከዚያ አልፎ ከሄደም እናክመዋለን፣ ሕይወት ይጨምራል፣ ሕመም ይቀንሳል። ግን የማጥፋቱ ተስፋ ይጠባል።»

«አንድ ወር ብጠብቅ ኖሮስ?» አለ አባቷ።

ሐኪሟ ብዕሯን ከደነች። «እሱን ባናሰላው ይሻላል» አለች።

ምስሉ ረቡዕ ተነሣ። ሐሙስ፣ አራሚ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ካለች ልክ በሳምንቱ፣ ትምህርት ቤት አስፈቅዳ ከእናትና ከአባቷ ጋር ውጤቱን ሊወስዱ መጡ። ያው የውጤት መስኮት፣ ያቺው ሴትዮ። «ለሐኪሟ ይዛችሁ ግቡ፤ ሰው ገብቶ ነው፣ ጥቂት ጠብቁ» አለች።

ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባቷ የውጤቱን ፖስታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ከፈተው። ሁለት ገጽ ነበር። ለአራሚ ሰጣት።

«አንብቢልኝ እስቲ» አለ።

እናቷ ከወዲያ በኩል ጠጋ አለች። አራሚ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት አልዘለለችውም፤ «ይሄን አላውቀውም» እያለች በጣቷ አሳየችው። አራት ሆኑ፣ ስድስት ሆኑ። አባቷ በእያንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ግን አንድ የምታውቀው ቃል አገኘች።

በደንብ ታውቀዋለች። አባቷ ከድርጅት ስም በታች ስንት ጊዜ ጽፎታል፣ እሷስ ስንት ጊዜ አርማዋለች፤ በእንግሊዝኛ ኃላፊነቱ ‹የተወሰነ› የሚለው ነው። ‹የተወሰነ›። አንድ ወገን ብቻ ማለት ይሆን? ከደረቱ አልፎ አልሄደም ማለት ይሆን? ወይስ ሌላ ነገር ነው የተወሰነው፣ ምስሉ ነው፣ ሐኪሞቹ ማድረግ የሚችሉት ነው? ቀና ስትል ሁለቱም እያዩዋት ነበር። የእናቷ ከንፈር ሳይናገር ይንቀሳቀሳል። የአባቷ ፊት ያን ማክሰኞ እንደነበረው ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ጣል ቢደረግለት ደም ይመለስበታል። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር።

«አገኘሽ?» አለ አባቷ።

«አንድ ቃል አለ» አለች። «ቃሉን አውቀዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ምን ለማለት እንደገባ ግን አላውቅም።»

አባቷ አያት። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወጣና ሰጣት። አራሚ ከቃሉ ሥር መስመር አሰመረች። መስመሩ ቀጥ አላለም።

የሐኪሟ በር ተከፍቶ አንድ ሰው ወጣ። አራሚ ወረቀቱን ይዛ ከሁለቱም ቀድማ ተነሣችና በሩን አንኳኳች።